የዋግ መሬት መዝገብ፦ ከወንጌል ኅዳግ እስከ አረንጓዴው ደብተር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለችው የፃግብጂ ወረዳ ስሟ ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በፀሐዩ «ፀ» ይጀምራታል፣ ሌላው በጸሎቱ «ጸ»፤ አንዱ በ«ጂ» ይጨርሳታል፣ ሌላው በ«ጅ»። ለአገሩ ሰው ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ሁሉም ያችው ፃግብጂ ናት። የመሬት መረጃ ለሚያከማች ኮምፒውተር ግን እነዚህ አራት አጻጻፎች አራት ልዩ ልዩ ቦታዎች ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበ ገበሬ በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ መዝገብ የሚባለው ነገር ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚጥል መመርመር የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዋግ የብዙው ቦታ ስም ከኽምጣንጛ የወጣ ነው፤ መዝገቡ ግን ሲጻፍ የኖረው በግእዝና በአማርኛ ነው።

የዛሬ ቀያሽ መዝገብ ሲል የማሳ ቁጥር፣ የነጥቦች መጋጠሚያና የስፋት ልክ ማለቱ ነው። በዋግ ደጋ «ይህ እርሻ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከ700 ዓመት በላይ ሲጠየቅና ሲመለስ የኖረው ግን ያለ ካርታና ያለ ልክ ነበር። ይህም ሲባል መዝገብ አልነበረም ማለት አይደለም። የነበረው መዝገብ የሚቆጥረው ሰውንና ግዴታን ነበር፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ለማን ምን እንደሚገብር፣ ማን እንደመሰከረ። ይህን ሳያውቅ ወደ አገሩ የሚገባ ቀያሽ በአንድ መስመር የሚዘጋው የብዙ ሰው ክርክር መኖሩን ሳያስተውል ይቀራል።

የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቈጥራሉ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ሲይዝ የዛጉዌ ዘር ዋግን በውርስ እንዲገዛ፣ የክብሩም ምልክት እንዳይቀርበት ተደረገ። ሰቆጣ የዚህ ቤት መቀመጫና የአሞሌ ጨው ገበያ ሆና ኖረች። ከዚህም ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ አድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ድል ሆነዋል። የቤቱ ታሪክ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የዋግ ሹሞች አባቶቻችን ከሚሏቸው ነገሥታት አንዱ፣ ንጉሥ ላሊበላ፣ የመሬት ስጦታ በጽሑፍ ትተው ማለፋቸው ነው። በአካለ ጉዛይ፣ በሽመዛና በሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወርቅ ወንጌል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1225 የተጻፈ የላሊበላ የስጦታ ቃል አለ፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ የዚህን ወንጌል ሰነዶች በ1901 አሳትሞ ለሊቃውንት አስታውቋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌልም እንደዚሁ የመሬት ጽሑፍ ያለበት ነው።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ በወንጌሉ ኅዳግ ወይም ባዶ በቀረው ገጽ ላይ ይሰፍራል። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወንጌል የበለጠ የሚከበርና የሚጠበቅ መጽሐፍ አልነበረም፤ እሳት ቢነሣ ካህናቱ አስቀድመው የሚያወጡት፣ ዘመቻ ቢመጣ በዋሻ የሚሸሽጉት እርሱን ነው። ዛሬ መሐንዲሶች የመረጃ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ እያሉ የሚያሳስቡትን ጉዳይ የዚያ ዘመን ሰዎች ሰነዱን በሁሉ ከሚፈራው ዕቃ ጋር በመስፋት ፈትተውታል። ጽሑፉም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሰጪው ንጉሥ ይጠራል፣ ተቀባዩ ደብር ይጠራል፣ የመሬቶቹ ስም ይዘረዘራል፣ በጊዜው የተሾሙት ሰዎች እንደ ምስክር ይቈጠራሉ፤ በመጨረሻ ስጦታውን የሚያፈርስ ሁሉ በሐዋርያት ሥልጣን ይወገዛል። የመሬቱ ስፋት ግን አይነገርም፤ ወሰኑም ቢሆን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይጻፍም። «እገሌ የተባለው አገር» ከተባለ አገሩ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቁት ምስክሮቹ ናቸው።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ስጦታው የሚናገረው ስለ ጉልት እንጂ ስለ ርስት አይደለም። ባለጉልቱ፣ ደብርም ይሁን ሹም፣ ከመሬቱ ግብር የመቀበልና በነዋሪው ላይ የመፍረድ መብት ያገኛል። አፈሩን አርሶ የሚበላው ግን ባለርስቱ ነው፤ መብቱንም የሚያገኘው ከንጉሥ ሳይሆን ከአቅኚው አባት በመወለዱ ነው። አንዱ ማሳ እንግዲህ ሁለት ባለቤት ነበረው፤ የባለጉልቱ ስም በብራና ተጽፏል፣ የባለርስቱ በሽማግሌ አፍ ተይዟል። በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የብራናውን ብቻ የሚያነብ ሰው አገሩ ሁሉ የደብርና የሹም ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ የገበሬው መዝገብ በዚያ የለምና።

የገበሬው መዝገብ የዘር ቆጠራ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረዳል፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል ትጠይቃለች። ይህ ማለት አንድ ሰው በአራት አያቶቹ በኩል፣ ከዚያም ወዲያ በስምንቱ ቅድመ አያቶቹ በኩል፣ በብዙ ቦታ የመካፈል ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል ማለት ነው። ሁሉንም ጥያቄ የሚያነሣ የለም፤ ጉልበትና ዘመድ ያለው ያነሣል፣ የሌለው ይተወዋል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም፣ በዳሞት አገር ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ከዋናው አባት ጀምሮ ያለው የዘር ሐረግ በየጊዜው ክርክርና ድርድር የሚደረግበት እንጂ እንደ ደረቅ ዝርዝር ቆሞ የሚቀር አይደለም። ስለዚህ የርስት መዝገብ በባሕርዩ የማይዘጋ መዝገብ ነው። ደካማ ጎኑ ማለቂያ የሌለው ሙግት ማስከተሉ ነው፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጠንካራ ጎኑ ደግሞ በራብ ወይም በጦርነት አገር ለቆ የሄደ ሰው፣ ልጁም ቢሆን፣ ተመልሶ የሚጠይቅበት በር ክፍት መሆኑ ነው።

ልኩም ቢሆን የሰው ልክ ነበር። ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። በለስላሳ ሜዳ የተለካ ጥማድና በዋግ ድንጋያማ ተረተር የተለካ ጥማድ በሜትር ቢለኩ እኩል አይሆኑም፤ በድካም ግን እኩል ናቸው። ግብርን ለመደልደል ድካምን የሚለካ መስፈሪያ ከሜትሩ ያነሰ ፍትሐዊ ነው ለማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚነጻጸር ጉዳይ በሩቅ አገር፣ በብሪታንያ ምዕራብ በዌልስ ይገኛል። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ሰሜን ዌልስን ሲወጋ በ1282 የደንቢን ግዛት ለሄንሪ ደ ላሲ ሰጠው። ግዛቱ በሌላ ጌታ እጅ በነበረበት በ1334 የመሬቱ፣ የግብሩና የባለይዞታዎቹ ዝርዝር በላቲን ተጻፈ፤ ይህንም መዝገብ ቪኖግራዶፍና ሞርጋን የተባሉ ሊቃውንት በ1914 አሳትመውታል። በመዝገቡ ውስጥ የሚታየው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መሬቱ የተያዘው በዘር ነው፤ የዘሩ ድርሻ «ግዌሊ» ይባላል፤ የቃሉ ትርጉም አልጋ ማለት ነው። (በአማርኛ አልጋ የንጉሥ ዙፋን ሲሆን፣ በዌልስ የገበሬ ዘር ርስት ሆኖ ተገኘ።) እያንዳንዱ ግዌሊ በአንድ አባት ስም ይጠራል፤ «ቱንክ» የሚባለውን ግብር ዘሩ በኅብረት ይከፍላል። ልዩነቱ የዌልሱ ለወንዶች ልጆች ብቻ መከፈሉ ነው። ከተመዘገቡትም ቦታዎች አንዱ አበርገሌ መባሉ አድማጭን ሳያስገርም አይቀርም፤ ከፃግብጂ ጋር በአንድ ዞን ያለችው ወረዳም አበርገሌ ናትና። የስም መገጣጠም ብቻ ነው፤ በዌልስ ቋንቋ የገሌ ወንዝ መድረሻ ማለት ነው።

የደንቢ መዝገብ የተጻፈው ግን በገበሬው ጥያቄ አልነበረም። ድል አድራጊው ጌታ ገቢውን ለማወቅ ያስጻፈው ነው። በዓመፅ ጊዜ ከንጉሡ ሰላም ውጭ ሆኖ የሞተ ሰው ድርሻው ለጌታው ገቢ ይሆናል፤ ይህን ለመፈጸም ከጠቅላላው የዘሩ መሬት የሟቹ ድርሻ ስንት እጅ እንደሆነ መቈጠር ነበረበት። እንዲህ የተቈጠረው ድርሻ ተለይቶ ሲወጣ ከዘሩ እጅ ወጥቶ ቀረ። በደንቢ ዙሪያ የነበሩ ዘሮችም መሬታቸውን ለቀው በልዋጭ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደርጓል። በመጨረሻ በ1536 እና በ1542 የወጡት የእንግሊዝ ሕጎች ዌልስን ጠቅልለው የዘር ክፍፍሉን ሲያስቀሩ ግዌሊ የታሪክ ቃል ሆነ። መዝገቡ እጅግ ጠቃሚ ሰነድ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ከዚያ የሚሻል አይገኝም። ለተመዘገበው ሰው ጠቅሞታል ወይ ቢባል ግን መልሱ አስቸጋሪ ነው።

የኢትዮጵያ ሰሜን ገበሬ የደንቢን ታሪክ ባያውቅም ፍርሃቱ ያው ነበር። በደቡብ አገር መሬት በቃላድ ሲለካ የተረፈው ለመንግሥት ሲሆን፣ መንግሥትም ለመኳንንትና ለወታደር ሲሰጠው ታይቷል። ስለዚህ በርስት አገር ቃላድ የሚለው ቃል የመለኪያ ገመድ መሆኑ ቀርቶ የመነቀል ምልክት ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የግብር አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው መድበው፣ በተለካው አገር ከአንድ ጋሻ፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር ከሚጠጋው፣ አሥራቱን ጨምሮ 50፣ 40 እና 15 ብር እንዲከፈል ወሰኑ። ወሎ ከፊሉ ሲለካ፣ ዋግን የመሰለው የሰሜኑ ደጋ በብዙው ቃላድ ሳይደርስበት ቀረ። በዚህ አገር ግብሩ የሚጣለው በአቅኚው አባት መሬት ላይ ሲሆን፣ ዘሩ በመካከሉ ይደለድለዋል። የግብር ደረሰኝ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ሥራ ይሠራ ጀመር፤ በሙግት ጊዜ ከሽማግሌ ምስክርነት ጎን እንደ ባለይዞታነት ማስረጃ ይቀርባል። ዘር ቈጥሮ የሚረታው ሰው ደረሰኝ ይዞ ከሚቀርበው ጋር እኩል መቆም የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ የስምና የግዴታ ብዛት ያሰባሰቡ ሁለት የአማርኛ መጻሕፍት መጠቀስ ይገባቸዋል፤ የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» (1942 ዓ.ም.) እና የገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅ «የኢትዮጵያ መሬትና ግብር ስም» (1948 ዓ.ም.) ናቸው። ሰሞን፣ ማደሪያ፣ ሁዳድ፣ ወረገኑ እያሉ የሚዘረዝሩትን ያነበበ ሰው መሬት በኢትዮጵያ ስሙን ያገኝ የነበረው ከሚሰጠው አገልግሎት እንጂ ከስፋቱ አለመሆኑን ይገነዘባል።

ጉልት በአዋጅ ቁጥር 230 በ1958 ዓ.ም. ተሻረ፤ በብራና የተጻፈው ባለቤትነት በሕግ ፊት አበቃ ማለት ነው። ቀጥሎም በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሲያስቀር፣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካብኝ ነው በማለት ጭምር በዓመፅ መነሣቱ ይታወሳል። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ስለ ደቡቡ ጭሰኛ ብዙ ስለተጻፈ የርስት አገር የተለየ ክፍል እንደነበረው ይረሳል። በዚያ አገር ገበሬው በጊዜው የሚያርሰውን መሬት ይዞ እንዲቆይ ሕጉ ፈቀደ። በዚህም ዘር ሳይሆን የዛሬ እርሻ ማስረጃ ሆነ። ቢያንስ 20 ጋሻ በሚሸፍን ክልል የሚቋቋመው የገበሬ ማኅበር አዲሱን መዝገብ ያዘ፤ መዝገቡም የአባላት ስም ዝርዝር ነበር። ከማኅበሩ ክልል የወጣ ሰው ከመዝገቡም ወጣ። ርስት በሩቅ አገር ለሚኖር ተወላጅ ክፍት አድርጎት የነበረው በር የተዘጋው በዚህ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ራብ ዋግን ጨምሮ የወሎን ክፍለ ሀገር ሲመታ የዚህ በር መዘጋት ትርጉሙ በሰው ላይ ታየ። በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍር አብዛኛው ከወሎ የተወሰደ ነበር። ሠፋሪው ትቶት የሄደው መሬት በማኅበሩ እጅ ለቀረው ሰው ተደለደለ፤ የተቀበለውም ሰው በራብ የተረፈ ድኃ ነበርና በዳይ ሊባል አይችልም። ከዓመታት በኋላ ከሠፈራ የተመለሰው ሰው ግን በዘር ሐረግ ቢምል የሚሰማው አላገኘም። በሁለት መዝገብ መካከል የወደቀ ሰው ነበር፤ አሮጌው ያውቀዋል፣ አዲሱ አያውቀውም።

የአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ማለትም አረንጓዴው ደብተር፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተሻሽሏል። የባልና የሚስት ስም በአንድነት ሰፍሮ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ይህ ብቻውን ለብዙ ሴቶች ከማንኛውም አዋጅ የበለጠ ጠቅሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምዝገባውን ሥራ በየቀበሌው የተመረጠ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሠርቶታል። ልኩ በገመድ ወይም በግምት ስለነበር ስፋቱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ካርታም አልነበረውም። ነገር ግን ለያንዳንዱ ማሳ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ተጽፏል። ይህ የአዋሳኝ ዝርዝር የወንጌሉ ኅዳግ የምስክሮች ዝርዝር ታናሽ ወንድም ነው፤ ለዚያም ሲባል የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ሊናቅ አይገባውም።

በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ፣ መዛባቱ በተስተካከለ ፎቶግራፍ ላይ ይሠመራል፤ የራሱ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ካርታውም ለሕዝብ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበታል። በሥራው ጥራት ላይ የሚነሣ ክርክር የለም። አንድ ነገር ግን ለዋግ በመሰለ ተዳፋት አገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ገበሬው ገመዱን የሚዘረጋው በመሬቱ ገጽ ላይ ነው፤ ካርታው ግን የሚለካው አግድሙን ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በገመድ 50 ሜትር ቁልቁል፣ 20 ሜትር ወደ ጎን የተለካ እርሻ በደብተሩ 1,000 ካሬ ሜትር ሲሆን በካርታው 866 ይሆናል። 134 ካሬ ሜትር የወሰደ ጎረቤት የለም፤ የወሰደው የማዕዘን ስሌት ነው። ገበሬው ግን አሮጌውን ደብተርና አዲሱን ካርታ አስተያይቶ መሬቴ ተቈረሰ ቢል፣ የአያቱ የቃላድ ፍርሃት በእርሱም ላይ ቢነሣ፣ የሚፈረድበት ማን ነው? ይህን ልዩነት በካርታ መለጠፊያው ቀን በገበሬው ፊት፣ በገመድና በውሃ ልክ አሳይቶ ማስረዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት በሥራ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ በፍርድ ቤት ዓመት ይፈጃል።

ነገሩ የባሰ ክብደት ያገኘው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅና በተከታዩ ዓመት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በሰቆጣ ተጠልሎ ኖሯል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ተፈናቃይ ወደ ቀየው ሲመለስ፣ የሚጠብቀው ጥያቄ የ1977 ሠፋሪን የጠበቀው ያው ጥያቄ ነው። በመካከሉ ሰው ሞቷል፣ ወራሽ ተለይቷል፣ ባዶ የቆየን እርሻ ሌላው አርሶታል፤ የወሰን ድንጋይም ከስፍራው ይነሣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በመዝገብ ላይ ያለ ስም ከምንም ይበልጣል፤ ያ ስም የተጻፈበት ወረቀት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቁም ሣጥን ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ከወንጌሉ ኅዳግ ያነሰ ዋስትና አለው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር ዳግም ምዝገባ የሚያካሂድ መሐንዲስ ሦስት ልማዶችን ቢይዝ ይበጃል። አንደኛው፣ ካርታው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን የእጅ መዝገብ እንደ ቆሻሻ ወረቀት አለመጣል፤ በፎቶግራፍ አንሥቶ ቢያንስ በወረዳው፣ በዞኑና በክልሉ ማስቀመጥ ነው። የአዋሳኞቹ ስም ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለበጥ ቦታ የለውም ተብሎ እንዳይቀር፣ ቅጹ ሲነደፍ ለእርሱ ዓምድ ማዘጋጀትም የዚሁ ክፍል ነው። ሁለተኛው የቦታ ስምን ይመለከታል። ኽምጣንጛ የሚናገር የአገር ሽማግሌ የሚጠራውን ስም አጣርቶ በአንድ አጻጻፍ ማጽናት፣ ልዩ ልዩ አጻጻፎቹንም ከዋናው ጋር አያይዞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የሚያይ የፍለጋ ሥርዓት መሥራት ለዘመኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ከባድ አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በካርታው መለጠፊያ ቀን በስፍራው ያልተገኘ ሰው መብቱን እንደተወ ተደርጎ እንዳይቈጠር፣ የተፈናቀለውና የታመመው፣ ባልዋ የሞተባትና ልጆችዋን ይዛ በሰቆጣ ወይም በሌላ ከተማ የቀረችው ሴት ማሳ «ባለቤቱ ያልተገኘ» ከመባሉ በፊት አዋሳኞቹ በስም ተጠርተው መጠየቅ አለባቸው። ስማቸው በአረንጓዴው ደብተር ላይ፣ በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ተጽፎ ይገኛል።